ስታፎቹ ግን ምንድን ነው የሚሠሩት? (ልጄን ዲሞክራሲያዊ ትምህርት ቤት ላስገባ ነው፣ ምከሩኝ)

እናት_ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ትምህርት ቤት አስጠልቶታል። ጠዋት ጠዋት "ሆዴን" ይላል። ሐኪም ጋ ወሰድነው፣ ሆዱ ምንም የለውም። ስለነዚህ ዲሞክራሲያዊ ስለሚባሉት ትምህርት ቤቶች የነገረችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነች። ክፍል የለም፣ ፈተና የለም፣ ልጁ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ ራሱ ይወስናል። ሕግ የሚያወጣው ጉባኤ ነው፤ እዚያ የ6 ዓመት ልጅም የ60 ዓመት ሰውም አንድ አንድ ድምፅ ነው ያላቸው።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየሁት። ሰው የሚኖርበት ቤት ነው የሚመስለው። ልጆቹ ደስ አሉኝ፣ ሳያፍሩ ነው የሚያናግሩሽ። ግራ የገባኝ ትልልቆቹ ናቸው። አንዱ ሰውዬ፣ 50 ዓመት ሳይሞላው አይቀርም፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ጊታር ይጠግናል። እዚያ እስካለሁ ድረስ ከቦታው አልተነሳም! ከጎኑ ሦስት ልጆች ካርታ ይጫወታሉ። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" አላላቸውም። ሌላዋ ኩሽና ውስጥ ከአንዲት ልጅ ጋር ሽንኩርት ትከትፋለች። ሦስተኛዋ ቢሮ ውስጥ ስለ ኢንሹራንስ ስልክ ታወራለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

"ቲቸር" ብዬ ስጠራት ደግሞ አረመችኝ። "ስታፍ ነን" አለችኝ።

ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀብኝ። "ይሄን ሁሉ ብር ለሞግዚት ነው የምንከፍለው?" አለኝ። መልስ አጣሁ። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ እነዚህ ሰዎች ደሞዝ የሚበሉት ምን ሠርተው ነው?

ጥርጣሬ_ደግ_ነው

ባልሽ ልክ ነው። ሞግዚት እንኳ "ፊትህን ታጠብ" ትላለች።

የድሮ_ስታፍ

ሃሃሃ። እህቴ፣ እናቴ እኔን አምስት ዓመት ሙሉ የጠየቀችኝ ይሄንኑ ነው። "አስተማሪ ነህ?" "አይ እማ።" "ታዲያ ዘበኛ ነህ?" "እሱም አይደለሁም።" "ልጄ፣ ሥራ አለህ ግን?"

ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ እንዳየሽው ዓይነት ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር የምሠራው። ስሙ ይቅር። የብዙዎቹ አርዓያ ሰድበሪ ቫሊ ነው፤ ማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር፣ ፍራሚንግሃም ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተ። እዚያ ከ4 ዓመት ሕፃን ጀምሮ እስከ ጎረምሳው ድረስ ሁሉም አብረው ይውላሉ።

ከማይታየው ሥራ ልጀምር። ቤቱን የሚያሞቀው ቦይለር ጥር ላይ ሲቆም ማነው የሚደውለው? የእሳት አደጋ መርማሪው ሲመጣ ማነው አብሮት የሚዞረው? ኪራዩ፣ ታክሱ፣ ልጁ እስካሁን ማንበብ አልጀመረም ብሎ እየተንቀጠቀጠ የሚደውል አባት... ይሄ ሁሉ ስታፍ ላይ ነው። ጉባኤው ሥራውን ያከፋፍላል፣ ልጆችም ይይዛሉ። ግን ዓመት ዓመት ነገሩን በትከሻው ተሸክሞ የሚዘልቅ ሰው ያስፈልጋል። ያቺ ኢንሹራንስ የምታወራው ሴትዮ ስልኩን ብትዘጋው ቤቱም አብሮ ይዘጋል።

ማስተማርም አለ። ግን ሲጠየቁ ነው። ከሰድበሪ ቫሊ መሥራቾች አንዱ ዳንኤል ግሪንበርግ ይናገራት የነበረች ነገር አለች። ከ9 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ደርዘን ያህል ልጆች መጥተው "ሒሳብ አስተምረን" አሉት። መጀመሪያ "የእውነት አትፈልጉም" ብሎ ተከራከራቸው። እምቢ ሲሉ ውል አስገባቸው፤ ማርፈድ የለም፣ ሁለቴ ካረፈዳችሁ ትምህርቱ ቀረ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ 20 ሳምንት። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል፣ ክፍልፋይ፣ ፐርሰንት፣ ጨረሱት። ሌላ ቦታ ስድስት ዓመት የሚፈጀውን ማለት ነው። አየሽ፣ ትልቁ ሰው ቸልተኛ አልነበረም። እንዲያውም ኮስታራ ነው። ግን ልጆቹ እስኪመጡ ጠበቀ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ዝም ማለቱ ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ አንድ የ7 ዓመት ልጅ ነበር፣ አያነብም። እኔም አስተማሪነቴ አልለቀቀኝም። ካርታ ስንጫወት "እዚህ ላይ ምን ይላል?" እለዋለሁ። የብስኩቱን ካርቶን አነሳና "ይቺ ፊደል ምንድን ነች?" እለዋለሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ! ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ እኔ ያለሁበት ክፍል መግባት አቆመ። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ናት የነገረችኝ፦ "አንተ ስትገባ ክፍሉ ክላስ ይሆናል።" አፈርኩ። ልጁ ከዓመት ከምናምን በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጌም ለመጫወት ብሎ ማንበብ ጀመረ። እኔ የጨመርኩለት ነገር የለም። በቃ አልጨመርኩለትም።

ጊታር የሚጠግነውን ሰውዬ በዚህ ዓይን እዪው። ከጎኑ ያሉት ልጆች ክሩ እንዴት እንደሚወጠር እያዩ ነው። ባያዩም ሰውዬው እዚያ አለ። ቢጣሉ ይሰማል። ቢጠሩት ይነሳል።

ጥርጣሬ_ደግ_ነው

የግሪንበርግን ታሪክ የነገረን ራሱ ግሪንበርግ ነው፣ ልብ በሉ። ተመራቂዎቹን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1986 ጥናት ካወጡት አንዱ፣ የቦስተን ኮሌጁ የሥነ ልቦና ሰው ፒተር ግሬይም ልጁ እዚያው ትምህርት ቤት የተማረ ነው። ደህና ናቸው፣ ኮሌጅ ገብተዋል፣ ሥራ ይዘዋል ነው ያለው። ይሁን። ግን ልጁን እዚያ የሚልክ ወላጅ ገና ከመነሻው ምን ዓይነት ወላጅ ነው? ቤቱ በመጽሐፍ የተሞላ አይደለም?

ሌላው፣ ስታፍ በልጆች ድምፅ ይቀጠራል ይባላል። እውነት ነው? የ8 ዓመት ልጅ ከረሜላ የሚሰጠውን አይደል እንዴ የሚመርጠው?

የድሮ_ስታፍ

መነሻውን በተመለከተ ያልከው ልክ ነው፣ አልከራከርህም።

ምርጫው እውነት ነው። ሰድበሪ ቫሊ ቋሚ ቅጥር የሚባል ነገር የለም። በየዓመቱ የእያንዳንዱ ስታፍ ስም ወረቀት ላይ ይወጣል፣ በምስጢር ድምፅ ይሰጥበታል። እኛም ጋ እንደዚያው ነበር። ድምፅ የሚቆጠርበት ቀን እንቅልፍ የለም፣ በዕድሜዬ ግማሽ የማይሆን ልጅ ሊያባርረኝ ይችላል።

ከረሜላውን በተመለከተ ግን ተሳስተሃል። አንድ ሰው ነበረን፣ ቀልደኛ፣ ኳስ ተጫዋች፣ ልጆቹ እላዩ ላይ የሚንጠለጠሉበት። በሁለተኛው ዓመት ወደቀ። አንዲት ደግሞ ነበረች፣ ፈገግታዋ በዓመት አንዴ ነው፣ አትጫወትም፣ ስታወራም አጭር ነች። በየዓመቱ ከፍተኛ ድምፅ እሷ ነበረች የምታገኘው። አንዱን ትንሽ ልጅ "ለምን እሷን?" ብዬ ጠየቅሁት። "ከተከሰስኩ እሷ ካለች አልፈራም" አለኝ።

ክስ ስል፣ የፍትህ ኮሚቴ አለ። ጥፋት ያየ ሰው ክስ ይጽፋል፣ ትልቅ ትንሽ የለም። ኮሚቴው ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ልጆችና አንድ ስታፍ ይቀመጣሉ። እኔም ተከስሻለሁ። የቡና ስኒዬን ሳላጥብ ሲንክ ውስጥ ትቼ ሄድኩ። ስልክ ተደወለ፣ ረሳሁት። ክሱን የጻፈችው የ9 ዓመት ልጅ ነች፣ "ስታፍ ስለሆነ ነው የረሳው ወይስ ሰው ስለሆነ?" ብላ ጨምራበታለች። ሁለት ቀን ኩሽና ተከለከልኩ። ቡናዬን መኪና ውስጥ ጠጣሁ።

ሐዴራ_ነኝ

የስኒዋ ነገር አሳቀችኝ። ይሄ የቆየ ነገር ነው። ያኑሽ ኮርቻክ የሚባል አይሁዳዊ ሐኪም ነበር፣ ዋርሶ ውስጥ ከ1912 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሙት ልጆች ቤት ይመራ የነበረ፣ ኋላም በ1942 ናዚዎች ከነልጆቹ ትሬብሊንካ የወሰዱት። ያ ቤት የልጆች ፍርድ ቤት ነበረው። ኮርቻክ በስድስት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ራሱን ከሷል። አንዱን ልጅ ጆሮው ላይ ስለመታ፣ አንዱን ከመኝታ ክፍል ስላስወጣ፣ አንዷን ልጅ ሰርቀሻል ብሎ ስለጠረጠረ። ለልጆቹ ሕግ አስተማርኩ ከማለት ይሄ ይበልጣል፣ ለእኔ።

እዚህ እስራኤል ግን ትንሽ ይለያል። የመጀመሪያው ዲሞክራሲያዊ ትምህርት ቤት እዚሁ ሐዴራ ነው የተከፈተው፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ያኮቭ ሄክት መሥርቶት። እዚህ መምህር አለ፣ ትምህርትም አለ፣ መግባት ግን ግዴታ አይደለም። ባግሩት፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና፣ የሚፈልግ ይፈተናል። ልጁ ደግሞ ከትልልቆቹ መሃል አንድ ሰው ይመርጣል፣ ሖኔኽ ይባላል። ምን ላይ ነህ፣ ምን አስቸገረህ፣ ቤት እንዴት ነው ይለዋል። የሚከታተልህ ሰው አለ፣ ግን የመረጥከው አንተ ነህ። እኔ ይሄኛው ይሻለኛል። ዝምተኛ ልጅ ሰድበሪ ዓይነቱ ቦታ ቢጠፋ ማን ያየዋል?

ለንደን_ምሥራቅ

ሳመርሂል የሚባለውን ትምህርት ቤት ማንም አላነሳም? የሁሉም አያት እኮ እሱ ነው። ኤ.ኤስ. ኒል እ.ኤ.አ. በ1921 የጀመረው፣ አሁን እንግሊዝ፣ ሰፎክ፣ ሊስተን ከተማ ያለው። አዳሪ ነው። መምህራኑ ፕሮግራም ለጥፈው በሰዓታቸው ክፍል ገብተው ይጠብቃሉ። ልጅ መጣ፣ አስተማሩ። አልመጣም፣ አልመጣም። ልጆቹ ጋ አብረው የሚያድሩ የቤት ወላጅ የሚሏቸው ትልልቅ ሰዎችም አሉ፤ ልብስ፣ ሕመም፣ ናፍቆት የነሱ ነው።

ልዩነቱ፣ እዚያ ጉባኤው ስታፍ አይቀጥርም። ያ የርዕሰ መምህሩ ነው። የመኝታ ሰዓት ግን የጉባኤው ነው፣ ልጆች ናቸው የሚያስከብሩት። እ.ኤ.አ. በ1999 የመንግሥት ኢንስፔክተሮች ልጆቹ ክፍል ስለማይገቡ ትምህርት ቤቱን ሊያዘጉት ደርሰው ነበር። በ2000 ለንደን ፍርድ ቤት ቀረቡ። መንግሥት "እንስማማ" ሲል ልጆቹ እዚያው ችሎት ውስጥ ጉባኤ ተቀምጠው ድምፅ ሰጡበት። አስቡት እስቲ፣ ዳኛ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ!

ጡረተኛው_መምህር

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን እያነበብኩ ነው። ይሄ ፈረንጅ አዲስ ያመጣው የሚመስላችሁ ነገር ሁሉ አዲስ አይደለም፤ ሁሉም የኛ ነው ማለቴም አይደለም።

እኔ ልጅ ሆኜ ጎጃም ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር። ተማሪው መምህሩን መርጦ ነው የሚሄደው። የእገሌ ቅኔ ይጥማል ሲባል አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ቀናት በእግሩ ይጓዛል። ካልጣመው ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ጉባኤ ይፈልጋል። ተማሪ የራቀው መምህር ጉባኤው ይፈታል። ቀን ቀን ተማሪው ዛፍ ሥር ወይም ቅጥሩ ጥግ ብቻውን ቁጭ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል። መምህሩ "ምን ደረስህ?" እያሉ አይዞሩም። የቆጠረውን ይዞ ሲቀርብ ግን ይሰሙታል፣ ያቃኑታል፣ ሲብስም ይስቁበታል። ጀማሪውን የሚያስነግረው አስነጋሪ የሚባል የበሰለ ተማሪ ነው። ስለዚህ ልጅ ከልጅ ይማራል፣ ትልቁ ሰው ሲፈለግ ይገኛል የምትሉት ለእኔ እንግዳ አይደለም።

የማይገናኘውንም ልናገር። የኔታን ድምፅ ሰጥቶ የሚሽር ተማሪ አላየሁም። በፊደል ቤት ደግሞ ልምጭ ነበረች። ጀርባዬ እስካሁን ያስታውሳታል።

የድሮ_ስታፍ

ጋሼ፣ ይሄን ጽሑፍዎን ለእናቴ አነብላታለሁ። ምናልባት ሥራ እንደነበረኝ ታምነኛለች።

ቲቸር_ከአዲስ_አበባ

እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነኝ፣ ክፍሌ ውስጥ 58 ልጅ አለ። ስለ ጊታር ስታወሩ ቀናሁ፣ አልደብቅም።

እኛም የተማሪዎች ፓርላማ አለን። አፈ ጉባኤ አለ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። አፈ ጉባኤው ማን እንደሚሆን ግን ዩኒት ሊደሩ ከምርጫው በፊት ያውቀዋል። አንድ ጊዜ አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ተነስታ "የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ ለምን የለውም?" አለች። "አጀንዳው ይሄ አይደለም" ተባለች። አጀንዳው ለበዓሉ ማን ይዘምር የሚል ነበር። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ዝም አልኩ። የኔ ዝምታና የዚያ ጊታር ጠጋኝ ዝምታ አንድ አይደለም መሰለኝ። እሱ ዝም የሚለው ልጆቹ እንዲናገሩ ነው። እኔ ዝም ያልኩት እንዳትናገር ነው።

ለማንኛውም ልጅቷ ተስፋ አልቆረጠችም፣ አሁንም በየስብሰባው ታነሳዋለች። ውሃውም እስካሁን የለም።

አንድ_ጊዜ_የተቃጠለች

ሁላችሁም ቆንጆ ቆንጆውን እያወራችሁ ነው። እኔ የሆነብኝን ልናገር። ትምህርት ቤቱንም ከተማውንም አልጠራም።

ልጄ 10 ዓመቷ ነበር። ሦስት ልጆች ያዟት። አይመቷትም። ስትገባ ይነሳሉ፣ ስትቀመጥ ይሳሳቃሉ፣ ስሟን ለውጠው ይጠሯታል። ለስታፍ ነገርኩ። "ክስ ትጻፍ፣ ኮሚቴው ያየዋል" አሉኝ። የ10 ዓመት ልጅ፣ አማርኛ ቤት ውስጥ "ሰው አይከሰስም፣ ነውር ነው" ተብላ ያደገች፣ በሦስት ልጆች ላይ ክስ ትጽፋለች? አልጻፈችም። አራት ወር! "ጣልቃ አንገባም፣ ራሷ መብቷን ትማር" ሲሉኝ የከረሙት ነገር አሁንም ያመኛል። በመጨረሻ አወጣኋት።

ስለዚህ እህቴ፣ "ስታፉ ምን ይሠራል?" ከማለትሽ በፊት "ልጄ መናገር ሲያቅተው ማን ያየዋል?" በያቸው።

የድሮ_ስታፍ

ይሄን ሳነብ ዝም ብዬ ቆየሁ። የኔ ትምህርት ቤት አለመሆኑን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

መከላከያ አላቀርብም። ራሱን ስታፍ የሚል ሁሉ የሚፈተንበት ቦታ ይሄ ነው። ትምህርት ላይ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። ልጅ ስትጎዳ ዝም ማለት ሌላ። ክሱን ስታፉ ራሱ መጻፍ ይችል ነበር እኮ! እሱም የጉባኤው አባል ነው። ያየውን መጻፍ መብቱ ብቻ አይደለም፣ ሥራው ነው። ከልጅቷ ጎን ቁጭ ብሎ "አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍልሽ" ማለት ጣልቃ ገብነት አይደለም። አንዳንድ ስታፍ ፍልስፍናውን ከልጆቹ አብልጦ ይወደዋል። አይቻቸዋለሁ። እኔም የሆንኩበት ሳምንት አለ።

ነርሷ

ሕጉንም እወቂው። አንቺ ባለሽበት ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ ላይ ጥቃት ወይም ቸልተኝነት እንደደረሰ የጠረጠረ አስተማሪም ነርስም ማመልከት ግዴታው ነው። ጉባኤ ድምፅ የሚሰጥበት ጉዳይ አይደለም። የትኛውን ነገር ጉባኤው እንደማይነካው ጠይቂያቸው። መልሱን ወዲያው ካልነገሩሽ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ።

እናት_ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ አንድ ጊዜ የተቃጠለችን። ያንቺን ጥያቄ እንዳለ ወስጄ ጠየቅኋቸው። ያቺ የኢንሹራንሷ ሴትዮ ናት የመለሰችልኝ። "ካየን እኛ እንጽፋለን። ካላየን ግን አናውቅም፣ አላየንም የምንልበት ቀን ደግሞ አለ" አለችኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ርዕሰ መምህር እስካሁን አላጋጠመኝም። የነርሷንም ጠየቅሁ፣ እሱን ሳላስጨርሳት ነው የመለሰችው።

ልጄ የሙከራ ሳምንቱን ጨረሰ። ሰኞና ማክሰኞ አንድ ጥግ ተቀምጦ ነው የዋለው። ማንም ና አላለውም። ማክሰኞ ማታ አለቀስኩ፣ ባሌ "ነግሬሽ ነበር" አለ።

ረቡዕ መኪና ውስጥ ገና በሩን ሳይዘጋ "ማሚ፣ ተከሰስኩ!" አለኝ። ደስ ብሎት! ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሄዶ ነው። ኮሚቴው ፊት ቀረበ። አንዲት የ8 ዓመት ልጅ፣ አንድ ጎረምሳና ጊታር ጠጋኙ ሰውዬ ነበሩ፣ ሌሎችም። "አድርገኸዋል?" አሉት። ማስረዳት ጀመረ። የእኔን ልጅ አታውቁትም፣ ሲፈራ ይንተባተባል። ጎረምሳው "እሺ ገብቶናል" ብሎ ሊያቋርጠው ሲል፣ ሰውዬው "ቆይ፣ እየተናገረ ነው" አለ። ሌላ ምንም አላለም። ልጄ ጨረሰ። ጠረጴዛውን እንዲወለውል ፈረዱበት።

"ሰውዬው ሌላ ምን አለህ?" ብዬ ደጋግሜ ጠየቅሁት። "ምንም። 'ቆይ፣ እየተናገረ ነው' ብቻ" አለኝ። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር እራት ላይ ለአባቱ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ደገመለት።

ሐሙስና አርብ ሆዴን አላለም። ባሌ እስካሁን አላመነም፣ "እስከ ሰኔ እንየው" ብሏል። ልናስመዘግበው ነው።

ጥርጣሬ_ደግ_ነው

እኔም አላመንኩም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት? የእህቴ ልጅ 11 ዓመቷ ነው፣ እሷም ሆዴን ማለት ጀምራለች። መንገዳችሁ ላይ ነን፣ ኢንቦክስ አድርጊልኝ።